ጠርሙሱ ላይ «ተፈትሿል» ሲል፣ ምኑ ነው የተፈተሸው?

ጥያቄ፦ «እናቴ 67 ዓመቷ ነው። የልብ ምቷ ስለሚዛባ ደሟ እንዳይረጋ ዋርፋሪን ትወስዳለች። ጉልበቷን ስለሚያማት አንድ ዘመዳችን ግሉኮሳሚን ገዛላት። ፀጉሯም ስለሳሳ ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን ጨመረላት። ሁለቱም ጠርሙሶች ላይ ‹በላቦራቶሪ የተፈተሸ›፣ ‹በጥናት የተረጋገጠ›፣ ‹100% ተፈጥሯዊ› የሚል ተጽፏል። እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ይህ ጽሑፍ ምን ያህል ይታመናል? ትውሰደው ወይስ ይቅርባት?»

መልስ፦

ልብዎ አለማረፉ ተገቢ ነው። አስቸኳዩን ላስቀድም።

ግሉኮሳሚንን ከዋርፋሪን ጋር ወስደው ደማቸው ከሚፈለገው በላይ የቀጠነ ታካሚዎች በሕክምና ሪፖርቶች ተመዝግበዋል። ሁሉም ሰው ላይ አይደርስም። ማን ላይ እንደሚደርስ ግን ቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ እናትዎ ገና ካልጀመሩት፣ ዋርፋሪኑን የሚከታተላቸውን ሐኪም ሳያማክሩ አይጀምሩ። ከጀመሩ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳየው፣ አይኤንአር (INR) የሚባለው የደም ምርመራም ቶሎ ይደገምላቸው። ለወራት ወስደውት ከሆነ፣ የዋርፋሪኑ መጠን ከግሉኮሳሚኑ ጋር አብሮ ተስተካክሎ ሊሆን ይችላል። ያኔ በድንገት ማቆሙም ራሱ ውጤቱን ሊለውጠው ስለሚችል ያንንም ሐኪሙ ይወቀው። ዋርፋሪኑን ግን በራሳችሁ ውሳኔ እንዳታቆሙ። የማያቆም የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ ያለምክንያት የሚበልዝ ቆዳ፣ ጥቁር ሰገራ፣ ቀይ ሽንት፣ ወይም ከመውደቅ በኋላ የመጣ ከባድ ራስ ምታት ካዩ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

አሁን ወደ ጽሑፉ እንምጣ። እኔ የመድኃኒትና የሰፕሊመንት (ከምግብ በተጨማሪ የሚወሰዱ እንደ ቫይታሚን ያሉ ምርቶች) ጥራት የምመረምር ኬሚስት ነኝ። «በላቦራቶሪ የተፈተሸ» የሚለውን ባነበብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ምኑ ተፈተሸ? ጠርሙሱ ውስጥ ያለው በእርግጥ የተጻፈው ነገር ነው ወይ? ያ ነገር ሕመሙን ይረዳል ወይ? እናትዎን፣ ከሚወስዱት መድኃኒት ጋር፣ አይጎዳቸውም ወይ? የመጀመሪያውን እኛ በመሣሪያ እንመልሳለን። ሁለተኛውን የሚመልሰው ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ነው። ሦስተኛውን የሚመልሰው እናትዎን የሚያውቅ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ነው። አንዱን ያለፈ ምርት ሌላውንም አልፏል ማለት አይቻልም። ፍጹም ንጹሕና መጠኑ ልክ የሆነ ግሉኮሳሚን ጉልበት ላይ ምንም ላያመጣ ይችላል። ንጹሕ መሆኑም ከዋርፋሪን ጋር እንዳይጋጭ አያደርገውም።

በደንብ የሚሠራ ላቦራቶሪ መጀመሪያ የሚያየው ማንነትን ነው። ይህ ዱቄት የተባለው ነገር ነው ወይ? ቀጥሎ መጠኑን ይለካል። ለዚህ በብዛት የምንጠቀምበት ክሮማቶግራፊ ነው፤ ድብልቁን ለያይቶ የእያንዳንዱን መጠን ያሳየናል። ከዚያ እርሳስ፣ ካድሚየም፣ አርሴኒክና ሜርኩሪ ይፈለጋሉ። ባክቴሪያ፣ ሻጋታና የፀረ ተባይ ቅሪትም ይታያሉ። ክኒኑ ፈሳሽ ውስጥ በጊዜው መፍረሱም ይፈተሻል። ሆድ ገብቶ የማይፈርስ ክኒን ውስጡ ምንም ቢይዝ ለሰውነት አይደርስም።

ሲነገር ቀላል ይመስላል። ችግሩ ምርመራ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ መሆኑ ነው። ለምሳሌ ፕሮቲን ለረጅም ጊዜ ሲለካ የኖረው በውስጡ ባለው ናይትሮጅን ነው። ሜላሚን የሚባለው ኬሚካልም ናይትሮጅን ሞልቶታል። በቻይና ውሃ የተጨመረበት ወተት ፕሮቲኑ ያነሰ እንዳይመስል ሜላሚን ተደረገበት፤ ወተቱም ምርመራውን አለፈ። ነገሩ በ2008 (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲወጣ ወደ 300,000 ሕፃናት ታመው፣ ስድስቱ ሞተው ነበር። የፕሮቲን ዱቄት ላይም ተመሳሳይ ማጭበርበር አለ። ርካሽ አሚኖ አሲድ ይጨመርበትና ናይትሮጅኑ ከፍ ይላል፤ ጠርሙሱም ብዙ ፕሮቲን ያለው ይመስላል። ቢልቤሪ ለሚባለው ፍሬ ደግሞ የቀለሙን ጥንካሬ በመለካት ብቻ ጥራቱን የሚወስን ዘዴ ነበር። ሰው ሠራሽ ቀይ ቀለም የተቀላቀለበት ምርት ያንን ዘዴ ያልፋል። ክሮማቶግራፊ ላይ ሲገባ ግን ወዲያው ይጋለጣል። ለዚህ ነው «ተፈትሿል» ለሚለኝ ሰው «በየትኛው ዘዴ?» የምለው።

ከሁሉ የከፋው የማንነት ስህተት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ በቤልጂየም ለክብደት መቀነሻ በሚሰጥ ካፕሱል ውስጥ አንድ የቻይና ዕፅ በሌላ ተተካ። ስማቸው በቻይንኛ ስለሚቀራረብ ነው የተምታታው። የገባው አሪስቶሎኪያ የሚባል ተክል ነበር፤ በውስጡ ያለው አሲድ ኩላሊት ያጠፋል፣ ካንሰርም ያመጣል። ከ100 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ኩላሊታቸው ተጎዳ። ብዙዎቹ ኩላሊት እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ውስጥ ገቡ። ከዓመታት በኋላም የሽንት ቧንቧ ካንሰር የወጣባቸው አሉ። «100% ተፈጥሯዊ» ለሚለው ጽሑፍ መልሴ ይኸው ነው። ያ ተክልም 100% ተፈጥሯዊ ነበር።

መጠንም በየጠርሙሱ ይለያያል። በ2017 የታተመ አንድ የካናዳ ጥናት 31 የሜላቶኒን ምርቶችን ለክቶ ነበር። ሜላቶኒን ለእንቅልፍ የሚወሰደው ነው። አንዱ ላይ ከተጻፈው መጠን 83% ጎድሎ ተገኘ። ሌላው ላይ 478% በልጦ ተገኘ። ስምንቱ ውስጥ ደግሞ ጠርሙሱ ላይ ጨርሶ ያልተጠቀሰ ሴሮቶኒን የሚባል ሌላ ኬሚካል ነበር። ቀኝ እጅ ላይ ያለው ጠርሙስና ግራ እጅ ላይ ያለው ጠርሙስ ተመሳሳይ ጽሑፍ ቢኖራቸውም ውስጣቸው እንዲህ ሊራራቅ ይችላል።

ሆን ተብሎ መድኃኒት የሚደበቅባቸውም አሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከ2007 እስከ 2016 ባወጣቸው ማስጠንቀቂያዎች ላይ የተሠራ ቆጠራ 776 የተበረዙ ሰፕሊመንቶችን አግኝቷል። አብዛኞቹ የወሲብ ብቃት፣ የክብደት መቀነሻ ወይም የጡንቻ ማሳደጊያ የሚባሉ ነበሩ። የተደበቁት መድኃኒቶችም በቅደም ተከተል ሲልዴናፊል፣ ሲቡትራሚንና ስቴሮይድ መሰሎች ናቸው። ሲቡትራሚን ልብና አንጎል ላይ በሚያመጣው አደጋ ምክንያት በ2010 ከብዙ አገሮች ገበያ የወጣ ነው። እነዚህን ሦስት ዓይነት ምርቶች እኔ በግሌ ለማንም ሰው አልመክርም። «በሳምንት ውስጥ ለውጥ ያያሉ» የሚል ሰፕሊመንት ካዩ፣ እውነትም ከሠራ ምን እንደሠራበት ይጠርጥሩ።

ይህን ሁሉ ከሽያጭ በፊት የሚያጣራ አካል የለም ወይ ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። ሰፕሊመንት በብዛት በሚመረትባት አሜሪካ፣ በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ሰፕሊመንት እንደ መድኃኒት ቅድመ ፈቃድ አይጠየቅበትም። ደኅንነቱን የማረጋገጥ ኃላፊነት የአምራቹ ነው። ባለሥልጣኑ በአብዛኛው የሚገባው ምርቱ ገበያ ላይ ከወጣና ችግር ከታየ በኋላ ነው። ጎጂ ነው ብሎ የማስረዳቱ ሸክምም የባለሥልጣኑ ነው። ኤፌድራ የሚባለው የክብደት መቀነሻ ዕፅ ከድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) እና ከስትሮክ ጋር በተያያዙ ብዙ ሪፖርቶች ሲከሰስ ኖሮ የታገደው በ2004 ነው። የአሜሪካ ጠርሙስ ከሆነ ጀርባውን ገልብጠው ትንንሾቹን ፊደላት ያንብቡ። «ይህ አባባል በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አልተገመገመም፤ ምርቱ በሽታን ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለማዳን ወይም ለመከላከል የታሰበ አይደለም» የሚል ያገኛሉ። ፊት ለፊት በትልቁ «ተረጋግጧል» ካለ፣ ከኋላ ያለውንም አብረው ይመዝኑት።

«በጥናት የተረጋገጠ» ወደሚለው ልሂድ። እዚህ ላይ ሰው በጣም ይሳሳታል፤ ሳይንቲስቶችም ተሳስተዋል። ቤታ ካሮቲንን ይውሰዱ። በአትክልትና ፍራፍሬ ውስጥ ያለ፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቀለም ነው። አትክልት የሚያዘወትሩ ሰዎች የሳንባ ካንሰር ያንስባቸው ነበር። ላቦራቶሪ ውስጥም ቤታ ካሮቲን ሴሎችን ከጉዳት የሚጠብቅ መስሎ ታየ። ስለዚህ በፊንላንድ 29,133 ወንድ አጫሾች ላይ ተሞከረ። ማን ምን እንደሚወስድ በዕጣ ተለየ፤ ገሚሱ ቤታ ካሮቲን ያለበት፣ ገሚሱ ቤታ ካሮቲን የሌለበት ክኒን ወሰደ። በ1994 ውጤቱ ሲወጣ ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18% ጨምሮ ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ ቤታ ካሮቲንን ከቫይታሚን ኤ ጋር የሰጠ ሌላ ትልቅ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር ስላየ ከታሰበለት ጊዜ ቀድሞ ቆመ፤ የሳንባ ካንሰሩ ጭማሪ 28% ነበር። ሳህን ላይ ያለ ሴል፣ አይጥ፣ ወይም «አትክልት የሚበሉ ሰዎች» ያሳዩን ነገር፣ ክኒኑን ለሚውጠው ሰው ሳይሠራ ቀረ። እንዲያውም ጎዳ።

ስለዚህ «ጥናት» ሲባል፣ በማን ላይ? ስንት ሰው ላይ? በምን ያህል መጠን? ለምን ያህል ጊዜ? ከምን ጋር ተነጻጽሮ? ብለው ይጠይቁ። ሌላ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ብዙ ጊዜ የተጠናው ንጥረ ነገሩ እንጂ በእጅዎ ያለው ምርት አይደለም። ጥናቱ 1,500 ሚሊ ግራም ሰጥቶ ከሆነና ጠርሙሱ ውስጥ 300 ሚሊ ግራም ካለ፣ ጥናቱ ለዚያ ጠርሙስ ምስክር አይሆንም።

የግሉኮሳሚንን ጉዳይ በዚህ ዓይን እንየው። በ2006 በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት ውጤት ታትሟል። ጉልበታቸውን አርትራይተስ የሚያማቸው 1,583 ሰዎች ለ24 ሳምንታት ተከታተሉት። ግሉኮሳሚን ብቻውንም ሆነ ኮንድሮይቲን ከሚባለው ጋር፣ በጠቅላላው ሲታይ ምንም መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ ክኒን በግልጽ አልበለጠም። ሕመማቸው ከበድ ያለ ጥቂት ሰዎች ላይ ሁለቱ አንድ ላይ የረዱ መስለው ነበር፤ አጥኚዎቹ ራሳቸው ግን ይህ እንደገና መጠናት አለበት ነው ያሉት። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ቁጥር ሌላ ነው። ማስመሰያውን ክኒን ከወሰዱት ውስጥ 60% የሚሆኑት ሕመማቸው ቢያንስ በአንድ አምስተኛ ቀንሶላቸዋል። የጉልበት ሕመም አንዳንዴ ይብሳል፣ አንዳንዴ ይተዋል። ሰው ደግሞ ክኒን የሚጀምረው ሲብስበት ነው፤ ከዚያ በራሱ ሲሻለው ምስጋናው ለክኒኑ ይሄዳል። «እኔን አድኖኛል» የሚልዎት ሰው አልዋሸዎትም። የተሻለው ግን በክኒኑ ይሁን ያለ ክኒኑ፣ እሱም ሊያውቅ አይችልም። ማስመሰያ ክኒን ጥናት ውስጥ የሚገባው ለዚህ ነው።

ሰፕሊመንት ሁሉ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ፎሊክ አሲድ ከማከብራቸው ግኝቶች አንዱ ነው። በ1991 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት፣ ከዚህ ቀደም የአከርካሪ ወይም የአንጎል አፈጣጠር ችግር ያለበት ልጅ የጸነሱ እናቶች ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ችግሩ የመደገም ዕድሉ በ72% እንደሚቀንስ አሳየ። ዛሬ ለማርገዝ የምታስብ ሴት ሁሉ በቀን 400 ማይክሮ ግራም እንድትወስድ የሚመከረው ከዚህ ዓይነት ማስረጃ ተነስቶ ነው። የደም ማነሷ ከብረት እጥረት መሆኑ የታወቀ ሴት ብረት ትውሰድ፤ ቢ12 የጎደለው ሰው ቢ12 ይውሰድ። በምርመራ የታወቀ ጉድለት ሲሞላ ለውጡ ይታያል። ምንም ያልጎደለው ሰው ላይ መጨመር ግን ሌላ ነገር ነው። ከ25,000 በላይ ሰዎችን ያሳተፈና በ2018 መጨረሻ ውጤቱ የወጣ ጥናት፣ በቀን 2,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ መውሰድ በጠቅላላው ሕዝብ ላይ ካንሰርንም ሆነ ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክን እንዳልቀነሰ አሳይቷል።

የባዮቲኑን ነገር ደግሞ በደንብ ይስሙኝ፤ ብዙ የጤና ባለሙያም የሚዘነጋው ነው። አዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው ባዮቲን 30 ማይክሮ ግራም ገደማ ነው፤ ይህንንም ከምግብ ያገኘዋል። «ለፀጉርና ለጥፍር» የሚባሉት ካፕሱሎች ግን ብዙውን ጊዜ 5,000 ወይም 10,000 ማይክሮ ግራም ይይዛሉ። ጉድለት በሌለበት ሰው ላይ ፀጉር እንደሚያበቅል የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የለም። በቀጥታ የሚያደርሰው መርዛማ ጉዳትም አይታወቅም። አደጋው ያለው የደም ምርመራው ላይ ነው። ብዙ የምርመራ ኪቶች የሚሠሩት ባዮቲንን እንደ ማያያዣ ተጠቅመው ነው። ደም ውስጥ ብዙ ባዮቲን ካለ ማያያዣው ይዛባና ውጤቱ ይሳሳታል። የልብ ጉዳትን የሚያሳየው ትሮፖኒን ዝቅ ብሎ ሊነበብ ይችላል። ድንገተኛ የልብ ሕመም የያዘው ሰው «ምንም የለብህም» ተብሎ ሊሸኝ ይችላል ማለት ነው። የአሜሪካው ባለሥልጣን በ2017 ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ፣ በዚህ ምክንያት ትሮፖኒኑ በስህተት ዝቅ ብሎ ከታየ በኋላ የሞተ ሰው እንዳለ ሪፖርት እንደደረሰው ገልጿል። የልብ ችግር ላለባቸው እናትዎ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የታይሮይድ ምርመራም እንዲሁ ይዛባል። ጤነኛ ታይሮይድ ከልክ በላይ የሚሠራ ሊመስል ይችላል። እናትዎን ያሳሰባቸው ደግሞ የፀጉር መሳሳት ነው፤ ለዚህ ሐኪሞች መጀመሪያ ከሚያዩዋቸው ነገሮች አንዱ ታይሮይድ ነው። ፀጉሩን ለማዳን የተጀመረው ካፕሱል ፀጉሩ የሳሳበትን ምክንያት የሚፈልገውን ምርመራ ያበላሻል። ስለዚህ ባዮቲኑን ያቁሙት ነው የምለው። ምርመራ ካለባቸውም ከዚያ በፊት ስንት ቀን መቆየት እንዳለባቸው ሐኪሙን ወይም ላቦራቶሪውን ይጠይቁ፤ እንደወሰዱት መጠን ይለያያል። ከዚያ ታይሮይዳቸውና የብረት ክምችታቸው ይታይ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለዕድሜያቸው ይመለከታል። በ2015 የታተመ ጥናት በአሜሪካ በየዓመቱ ወደ 23,000 የሚገመቱ ሰዎች በሰፕሊመንት ምክንያት ድንገተኛ ክፍል እንደሚሄዱ ገምቷል። ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑት ውስጥ ከሦስት አንዱ በላይ የሄዱት ክኒኑ ጉሮሯቸው ላይ ስለቆመ ወይም መዋጥ ስላቃታቸው ነበር። የግሉኮሳሚን ክኒኖች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትልልቅ ናቸው።

ሐኪሙ ግሉኮሳሚኑን ቢፈቅድላቸውስ? ያኔ ምርቱን ማየት ይገባል። አምራቹ ራሱ መርጦ በላከው ናሙና ላይ የተሰጠ ወረቀት ብዙ አያጽናናኝም። የተሻለው ከአምራቹ ውጭ የሆነ ድርጅት ፋብሪካውን የጎበኘበትና ምርቱን የመረመረበት ምልክት ነው። ዩኤስፒ (USP) እና ኤንኤስኤፍ (NSF) የሚባሉት ድርጅቶች በዚህ ይታወቃሉ። ምልክቱ የተሰረቀ ሊሆን ስለሚችል በድርጅቶቹ ድረ ገጽ ላይ የምርቱን ስም ፈልገው ያረጋግጡ። ምልክቱ የሚነግርዎት ግን ጠርሙሱ ውስጥ የተጻፈው ነገር፣ በተጻፈው መጠን፣ ከብክለት ነጻ ሆኖ መኖሩን ነው። ጉልበት ማዳኑን አይነግርዎትም። የእያንዳንዱ ንጥረ ነገር መጠን ለየብቻ ያልተጻፈበትን፣ «ልዩ ቅመማ» ብሎ በጅምላ የሚያልፈውን ምርት ይተዉት። ምንጩንም ይመልከቱ። ግሉኮሳሚን በብዛት የሚሠራው ከሽሪምፕና ከክራብ ቅርፊት ስለሆነ፣ ለእነዚህ አለርጂ ያለበት ሰው ቀድሞ ለሐኪሙ መናገር አለበት።

በቀጣዩ ቀጠሮ ሁለቱንም ጠርሙሶች በአካል ይዘው ይሂዱ። ስማቸውን በቃል መናገር አይበቃም፤ ሐኪሙ መጠኑንና የንጥረ ነገር ዝርዝሩን በዓይኑ ማየት አለበት። ለጉልበቱ ደግሞ ስለ ፊዚዮቴራፒና ጡንቻ ስለሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይጠይቁ፤ ለጉልበት አርትራይተስ ከግሉኮሳሚን የተሻለ ማስረጃ ያለው እሱ ነው። ከዋርፋሪን ጋርም አይጋጭም። ኢቡፕሮፌንና መሰሎቹን ማስታገሻዎች ግን ከዋርፋሪን ጋር ያለ ሐኪም ፈቃድ አይስጧቸው፤ የጨጓራና የአንጀት መድማትን ያባብሳሉ።

ጠርሙሶቹንም አይጣሏቸው። ታች ወይም ጎን ላይ የምርት ባች (በአንድ ዙር የተመረተ ምርት) ቁጥር አለ። በ1989 ኤል-ትሪፕቶፋን የሚባል ሰፕሊመንት የወሰዱ ከ1,500 በላይ አሜሪካውያን በከባድ የጡንቻ ሕመም ተይዘው፣ ከ30 የሚበልጡት ሞተው ነበር። መርማሪዎች ምንጩን ወደ አንድ አምራች ሊያደርሱት የቻሉት ታማሚዎቹ የወሰዱትን ምርትና ባቹን ወደ ኋላ መከታተል ስለተቻለ ነው። እናትዎ ላይ ያልተለመደ ነገር ከታየ፣ ያንን ቁጥር ከጀመሩበት ቀን ጋር ጽፈው ለሐኪሙና ለመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያስታውቁ።